ቆሻሻ ሰብሳቢውና የማህደረ ትውስታ ጣሪያ

ሲን የመሳሰሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች፣ ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ የሚይዘውን ማህደረ ትውስታ፣ ማለትም በተለምዶ ራም የሚባለውን የኮምፒውተር ክፍል፣ ፕሮግራመሩ ራሱ ጠይቆ እንዲወስድና ሲጨርስም ራሱ እንዲመልስ ያስገድዳሉ። ጃቫ፣ ሲ ሻርፕ፣ ጃቫስክሪፕትና ጎ ግን የመመለሱን ሥራ ከፕሮግራመሩ ትከሻ አውርደው፣ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ለሚሠራ ጋርቤጅ ኮሌክተር ወይም ቆሻሻ ሰብሳቢ ለሚባል ክፍል አስረክበዋል። ይህ ርክክብ በብዙዎች ዘንድ ስለ ራም ከማሰብ መገላገል ተደርጎ ተወስዷል፤ አረዳዱ ግን ከመጀመሪያውም ግማሽ እውነት ነበር። ሰብሳቢው ከፕሮግራመሩ የወሰደው መቼ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ሲሆን፣ ምን ያህል ይያዝ የሚለው ባለበት ቀርቷል፤ ይህ ሁለተኛ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ተሸፍኖ የቆየውም አንድ ሰርቨር በአመዛኙ ለአንድ ትልቅ ፕሮግራም ይመደብ ስለነበረና የተረፈውን ራም የሚጠይቅ ሌላ ስላልነበረ ነው። ጉግል በ2009 ይፋ ያደረገው የጎ ቋንቋ በኦገስት 2022 ያደረገው አንድ ለውጥ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጥያቄው እንዴት ተመልሶ እንደመጣ በግልጽ ያሳያል፤ ለውጡ ለፕሮግራሙ የራም ጣሪያ የሚያስቀምጥ አንድ ማስተካከያ ብቻ ቢሆንም፣ የቋንቋው አዘጋጆች ለዓመታት ሲከላከሉት ከነበረው አቋም መንቀሳቀሳቸውን የሚናገር ነው።

የሰብሳቢው አሠራር መሠረት ከስድሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ጆን ማካርቲ ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ ለአይቢኤም 704 ኮምፒውተር ሲያዘጋጅ በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ የገለጸው ዘዴ ከመነሻዎች ይጀምራል፤ መነሻ የሚባሉት ፕሮግራሙ በቀጥታ የያዛቸው ተለዋዋጮች ናቸው። ሰብሳቢው ከእነርሱ ተነሥቶ ጠቋሚዎችን፣ ማለትም የሌላ መረጃን አድራሻ የያዙ እሴቶችን፣ እየተከተለ የደረሰበትን ሁሉ ምልክት ያደርግበታል፤ ጉዞውን ሲጨርስ ምልክት ያላገኘውን ጠርጎ ቦታውን ለአዲስ መረጃ ክፍት ያደርጋል። ዘመናዊ ሰብሳቢዎች በዚህ ላይ ብዙ ረቂቅ ነገር ቢጨምሩም ሁለት ጠባዮች ከዘዴው ጋር አብረው ተወልደዋል። የመጀመሪያው፣ የአንድ ዙር ድካም በአመዛኙ የሚወሰነው በቆሻሻው ብዛት ሳይሆን በሕያው መረጃው፣ ማለትም ከመነሻዎቹ በሚደረስበት መረጃ መጠን መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰብሳቢው አንድ መረጃ ሊደረስበት መቻሉን እንጂ ዳግም የሚፈለግ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የሌለው መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የሚወሳው ችግር ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ይመነጫል።

ከመጀመሪያው ጠባይ የሚከተለው ነገር ቀላል ሒሳብ ነው፤ ዙሩ ሕያው መረጃውን ሁሉ የሚያዳርስ ከሆነ፣ ወጪውን ለመቀነስ ያለው መንገድ ዙሮቹን ማራራቅ ነው፤ ዙሮቹን ማራራቅ ማለት ደግሞ በመካከሉ የሚጠራቀመው ቆሻሻ ራም ይዞ እንዲቆይ መፍቀድ ነው። በሌላ አነጋገር ሰብሳቢው ጊዜን በቦታ ይገዛል። የዚህን ግዢ ዋጋ ከመዘኑት ጥናቶች መካከል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ማቲው ሄርትዝና ኤመሪ በርገር በ2005 ያቀረቡት ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ የጃቫ ፕሮግራሞችን በሰብሳቢና ያለ ሰብሳቢ አስኪደው አነጻጽረዋል። በእነርሱ ልኬት፣ ለፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው አምስት እጥፍ ራም ሲሰጥ የተሻለው ሰብሳቢ በእጅ ከሚደረግ አስተዳደር በፍጥነት አላነሰም፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን በአማካይ 17 በመቶ፣ ሁለት እጥፍ ብቻ ሲሆን ግን 70 በመቶ ያህል ዘገየ። ቁጥሮቹ የዚያ ዘመን ሰብሳቢዎች ናቸውና ለዛሬዎቹ እንዳሉ መውሰድ አይገባም፤ የመስመሩ ቅርጽ ግን አልተለወጠም። ራም ሲሰፋ ወጪው ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ሲጠብ ግን ገደል እንደመውጣት ይሆናል።

ጎ ይህን ሚዛን ለተጠቃሚው የተወው ጎጂሲ በሚባል አንድ ማስተካከያ ነበር። ማስተካከያው በመቶኛ የሚጻፍ ሲሆን፣ ያለ ማንም ጣልቃ ገብነት 100 ነው፤ ትርጉሙም ከአንድ ዙር በኋላ ሕያው ሆኖ የተገኘው መረጃ 20 ሜጋባይት ከሆነ ሌላ 20 ሜጋባይት እስኪጨመር ድረስ ቀጣዩ ዙር አይጀመርም፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ በከፍታው ጊዜ 40 ሜጋባይት ያህል ይይዛል ማለት ነው። በዚያ ዘመን የቋንቋው ቡድን ዋና ጭንቀት ራም አልነበረም። ቡድኑን ያስጨነቀው ሰብሳቢው ሥራውን ሲሠራ መላው ፕሮግራም የሚቆምበት ቅጽበት ነበር፤ የቡድኑ አባላት እነ ሪክ ሃድሰን በሠሩትና በኦገስት 2015 በወጣው እትም 1.5 ሰብሳቢው ከፕሮግራሙ ጎን ለጎን እንዲሠራ ተደርጎ መቆሙ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች እንዲሆን ታለመ፤ በ2017 መጀመሪያ ላይ በወጣው እትም 1.8 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ማይክሮሰከንድ በታች ወረደ። ይህ ታላቅ ስኬት ነው። የጃቫ ሰብሳቢዎች በደርዘን የሚቆጠሩ ማስተካከያዎች ይዘው፣ ማስተካከሉ ራሱ ሙያ እስከመሆን በደረሰበት ጊዜ፣ ጎ በአንድ ቁጥር ብቻ መኖሩ አዘጋጆቹን ያኮራ ነበር፤ ኩራቱም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሆኖም መቶኛ አንጻራዊ ነገር ነው፤ በማሽኑ ላይ ስላለው ራም የሚያውቀው ነገር የለም። ይህ ጉድለት በሁለቱም አቅጣጫ ይጎዳል። ራም ተትረፍርፎ ሕያው መረጃው ትንሽ በሆነበት ቦታ ምን እንደሚፈጠር ትዊች የተባለው የቀጥታ ቪዲዮ ማሠራጫ ድርጅት መሐንዲሶች በ2019 በዝርዝር አሳይተዋል። ከተጠቃሚዎች የሚመጣውን ጥያቄ በሙሉ የሚቀበለው የጎ ፕሮግራማቸው 64 ጊጋባይት ራም ባላቸው ማሽኖች ላይ እየሠራ፣ የሚይዘው ግን ከ450 ሜጋባይት በታች ነበር፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ለአጭር ጊዜ የሚያገለግል መረጃ ስለሚፈጥር ያቺ ጠባብ ቦታ ቶሎ ቶሎ ትሞላና ሰብሳቢው በሰከንድ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይነሣል። የተገኘው መፍትሔ አስገራሚ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲጀምር 10 ጊጋባይት የሚሆን የባይት ድርድር ይጠይቅና እስኪዘጋ ድረስ ምንም ሳይጽፍበት ይይዘዋል። ሰብሳቢው ይህን ድርድር እንደ ሕያው መረጃ ስለሚቆጥረው ቀጣዩን ዙር ከ20 ጊጋባይት ወዲያ ያሻግረዋል። ድርድሩ ጠቋሚ የሌለበት ስለሆነ ውስጡ አይፈተሽም፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ያልተነካ ገጽን፣ ማለትም የማህደረ ትውስታ ቁራጭን፣ በእውነተኛ ራም ስለማይተካው 10 ጊጋባይቱ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነው። ውጤቱ የዙሮቹ ቁጥር በ99 በመቶ ያህል፣ የፕሮሰሰር አጠቃቀሙ ደግሞ በ30 በመቶ ያህል መቀነሱ ነበር። ባላስት በመባል የታወቀው ይህ ዘዴ ብልህነቱ ባያጠያይቅም፣ ቋንቋው ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ የሚጠየቅበት ቦታ እንደሌለው የሚያጋልጥ ነበር፤ አንድ መሐንዲስ «እስከ 20 ጊጋባይት ድረስ አትነሣ» ለማለት የሌለ መረጃ መፍጠር ካስፈለገው፣ ጉድለቱ ያለው ከመሐንዲሱ ዘንድ አይደለም።

በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው ጉዳት ይበልጥ የተለመደ ሲሆን፣ የመጣውም ከኮንቴይነር ጋር ነው። ኮንቴይነር አንድ ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ታሽጎ፣ በሊነክስ አማካይነት የፕሮሰሰርና የራም ድርሻው ተቆርጦለት የሚሠራበት አደረጃጀት ነው፤ ኩበርኔቲስን የመሰሉ ሥርዓቶች በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ኮንቴይነሮችን እየደለደሉ ያስኬዳሉ። ድርሻው 512 ሜጋባይት ተብሎ ከተቆረጠ፣ ፕሮግራሙ ሲያልፈውና ሥርዓቱ የሚያስለቅቀው ነገር ሲያጣ፣ ሊነክስ ፕሮግራሙን ያለ ማስጠንቀቂያ ይገድለዋል፤ ለአስተዳዳሪው 137 የሚል የመውጫ ቁጥር ይቀርለታል፤ ይህም 128 ላይ የግድያ ምልክቱ ቁጥር 9 ተደምሮ የሚገኝ ነው። ለመቶኛ ብቻ የሚታዘዝ ሰብሳቢ እዚህ አጥር አጠገብ መድረሱን አያውቅም፤ ሊጠርገው የሚችለው በመቶ ሜጋባይት የሚቆጠር ቆሻሻ ተኝቶ ሳለ ፕሮግራሙ በራም እጥረት ይሞታል። ጃቫም ከዚህ አላመለጠችም፤ ጣሪያ ማስቀመጫ ከጥንት ጀምሮ ቢኖራትም፣ ጣሪያው ካልተጻፈላት የማሽኑን ራም አንድ አራተኛ ትወስድ ስለነበር፣ ይህንንም ከኮንቴይነሩ ሳይሆን ከመላው ማሽን ትለካ ስለነበር፣ በ2018 እትም 10 እስኪወጣና የኮንቴይነሩን አጥር ማየት እስክትጀምር ድረስ ብዙ አገልግሎቶች በዚሁ ምክንያት ወድቀዋል።

በጎ በኩል ክፍተቱን ተጠቃሚዎች በራሳቸው መሙላት ጀመሩ። ኡበር የተባለው የመኪና ጥሪ ድርጅት የኮንቴይነሩን ድርሻ አንብቦ ጎጂሲን በየዙሩ የሚያስተካክል የራሱን መሣሪያ ሠርቶ፣ በ30 ወሳኝ አገልግሎቶች ላይ 70,000 የፕሮሰሰር ኮር እንዳተረፈ በ2021 አስታውቋል። የመሣሪያው ውስጣዊ ብልሃት መታየት ያለበት ነው፤ ቋንቋው ዙር መጠናቀቁን የሚያሳውቅ ደወል ስላልነበረው፣ መሣሪያው ማንም የማይፈልገው አንድ ትንሽ ኦብጀክት ይፈጥርና ሰብሳቢው ሊጠርገው ሲል የሚቀሰቀስ ተግባር ያያይዝበታል፤ ተግባሩ ሲቀሰቀስ ዙር እንደተደረገ ይታወቃል፤ ስሌቱ ይሠራል፣ ለቀጣዩ ዙርም ኦብጀክቱ እንደገና ይጠመዳል። ትልልቅ ድርጅቶች የዚህን ዓይነት ነገር የሚሠሩበት የሰው ኃይል አላቸው፤ ሁለትና ሦስት ፕሮግራመር ያለው ድርጅት ግን ያለው አማራጭ ድርሻውን በእጥፍ መከራየት ነበር።

በእትም 1.19 የመጣው ጎሜምሊሚት የተባለው ማስተካከያ ለዚህ የተሰጠ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። የሚቀበለው በባይት የተጻፈ ቁርጥ ያለ መጠን ሲሆን፣ የሚቆጥረውም የቋንቋው ሥርዓት የሚያስተዳድረውን ራም በጠቅላላ ነው፤ ጠቅላላው ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ሰብሳቢው መቶኛውን ሳይጠብቅ ይነሣል። የጃቫ ጣሪያ ሲያልፉት ስህተት የሚያስነሣ ጽኑ ግንብ ሲሆን የጎው ግን የሚጣስ ነው፤ ሰብሳቢው ጣሪያውን ለማስከበር ከጠቅላላው የፕሮሰሰር ጊዜ ግማሽ ያህሉን ብቻ እንዲወስድ ተገድቧል፤ ይህ በቂ ካልሆነ ፕሮግራሙ ጣሪያውን አልፎ እንዲሄድ ይፈቀድለታል። ምርጫው የታሰበበት ነው። የራም እጥረት ሲመጣ ከሚቀርቡት ሁለት አሟሟቶች መካከል፣ በአንድ ጊዜ መገደልና ጥያቄዎችን ሳይመልሱ በማያልቅ ጠረጋ መንፈራገጥ፣ አዘጋጆቹ የመጀመሪያውን መርጠዋል፤ የተገደለ ኮንቴይነር ወዲያው በሌላ ይተካል፣ የሚንፈራገጠው ግን ከውጭ ሲታይ በሕይወት ያለ ይመስላልና።

በቁጥር ሲታይ ጥቅሙም ወሰኑም ይለያል። ሕያው መረጃው 300 ሜጋባይት የሆነ ፕሮግራም በተለመደው መቶኛ ወደ 600 ይወጣል፤ ስለዚህ 512 በተቆረጠለት ኮንቴይነር ውስጥ መኖር አይችልም። ጣሪያው የአሥር በመቶ ያህል ትርፍ ቦታ ትቶ 460 ላይ ቢደረግ፣ ለሌላው የውስጥ ወጪ የሚያዘው ለጊዜው ቢተው፣ በዙሮች መካከል የሚቀረው ክፍት ቦታ 160 ሜጋባይት ይሆናል፤ ዙሮቹ በእጥፍ ገደማ ይበዛሉ፣ ፕሮግራሙ ግን ይኖራል። ሕያው መረጃው ወደ 440 ቢያድግ ግን ክፍቱ ቦታ 20 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ በመጀመሪያ ታስቦ ከነበረው የ300 ሜጋባይት ክፍተት ጋር ሲነጻጸር ዙሩ 15 ጊዜ ይደጋገማል፤ እያንዳንዱ ዙርም በአንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ጠቅላላ ድካሙ ከሃያ እጥፍ ያልፋል። ያ ገደል ይሄ ነው። ጣሪያው ቆሻሻው ምን ያህል ይጠራቀም የሚለውን ይወስናል፤ ሕያው መረጃውን ግን በአንድ ባይት እንኳ አይቀንስም። ጎሜምሊሚትን እንደ ፈውስ አድርገው ያስተዋወቁ ብዙ ጽሑፎች የዘለሉትም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ጠባይ ይመጣል። ሰብሳቢ ባለው ቋንቋ ራም ሲያፈስ የሚታይ ፕሮግራም በእርግጥ የሚያፈሰው ነገር የለም፤ ይልቁንም ማንም የማይፈልገውን መረጃ አንድ የተረሳ ጠቋሚ እንደያዘው ነው። ከሁሉም የሚያስተምረው ምሳሌ ትንሹ ነው፤ በጎ አንድ 100 ሜጋባይት ፋይል ተነብቦ፣ ከውስጡ 20 ባይት የምትሆን መለያ ቁጥር ተቆርጣ ለወደፊት ብትቀመጥ፣ ቁራጯ የራሷ ቅጂ ሳትሆን ወደ ዋናው ድርድር የምታመለክት መስኮት ስለሆነች፣ መቶ ሜጋባይቱ በሙሉ በእሷ ምክንያት ሕያው ሆኖ ይቆያል። ጃቫም ተመሳሳይ አሠራር ነበራት፤ ከረጅም ጽሑፍ የተቆረጠ አጭር ጽሑፍ ረጅሙን ይዞ እየቀረ ስላስቸገረ፣ በ2012 በወጣው የእትም 7 ስድስተኛ ማሻሻያ ቁራጩ ሁልጊዜ እንዲቀዳ ተደረገ፤ በዚህም ፍጥነት ተከፍሎ ደኅንነት ተገዛ። ጎ ግን መስኮቱን እንዳለ ትቶ፣ ቅጂ የሚፈልግ በግልጽ የሚጠይቅበትን ተግባር በእትም 1.18 ለጽሑፍ፣ በ1.20 ለባይት አቀረበ። የጎ ማፕ፣ ማለትም ቁልፍንና እሴትን አጣምሮ የሚይዘው ሰንጠረዥ፣ እንዲሁ በአንድ ወቅት ከተለጠጠ ይዘቱ ቢሰረዝም ሰንጠረዡ አይኮማተርም። እነዚህን የመሰሉ ይዞታዎች በኮዱ ንባብ ብቻ አይገኙም፤ በሥራ ላይ ካለው ፕሮግራም የሂፕ ፕሮፋይል፣ ማለትም የትኛው የኮድ መስመር ያስያዘው ራም ምን ያህሉ እስካሁን እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር፣ ተወስዶ ሊታይ ይገባል።

በመዘንጋት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተያዘ ብዙ መረጃ ሲኖርስ? የዲስኮርድ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ይህ የመልእክት መለዋወጫ ድርጅት ተጠቃሚዎች የትኛውን መልእክት እንዳነበቡ የሚመዘግብ አገልግሎት በጎ ጽፎ ነበር፤ አገልግሎቱ ካሽ በሚባል፣ ለፍጥነት ሲባል ራም ላይ በሚቀመጥ ክምችት ውስጥ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ትናንሽ መዝገቦችን ይይዛል። ፕሮግራሙ አዲስ ቆሻሻ የሚፈጥረው በጥቂቱ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጎ ምንም ባይሞላ እንኳ ቢያንስ በየሁለት ደቂቃው አንድ ዙር ያደርጋል፤ በዚያ ጊዜ የመዝገቦቹ ሁሉ ጠቋሚዎች ስለሚዳሰሱ የምላሽ ፍጥነቱ በየሁለት ደቂቃው ይታወክ ነበር። ክምችቱን ሲያሳንሱት ሁከቱ ይቀንሳል፣ ዳታቤዝ ጋ የሚሄደው ጥያቄ ግን ይበዛል። ድርጅቱ በ2020 መጀመሪያ ላይ እንዳስታወቀው አገልግሎቱን ሰብሳቢ በሌለው በረስት ቋንቋ እንደገና ጽፎ ከችግሩ ተገላገለ። ዜናው በየመድረኩ የሰብሳቢ ቋንቋዎች ሽንፈት ተደርጎ ተነግሯል፤ ይህ ግን የተጋነነ ነው። የዲስኮርድ አገልግሎት ለሰብሳቢ ከሁሉ የማይመቸው ዓይነት ነበር፤ ብዙ ሕያው መረጃ፣ ብዙ ጠቋሚ፣ ጥቂት ቆሻሻ። አብዛኛው የድረ ገጽ አገልግሎት እንደ ትዊች ተቃራኒው ነው፤ በተጨማሪም መዝገቦቹን ጠቋሚ በሌለው አንድ ትልቅ ድርድር ውስጥ በተራ ቁጥር መደርደር የዙሩን ድካም እጅግ ይቀንሰዋል፤ ብዙ የጎ ካሽ ላይብረሪዎች የሚከተሉት ይህንኑ ነው። እርግጥ ይህን ያደረገ ፕሮግራመር፣ የትኛው ረድፍ ክፍት እንደሆነ ራሱ እየመዘገበ፣ ከሲ አሠራር ብዙም ሳይርቅ ይገኛል።

የጎ ቡድን ራሱ ወደዚያ አቅጣጫ አንድ እርምጃ ሞክሮ ተመልሷል። በ2023 በእትም 1.20 አሬና የተባለ ነገር በሙከራ ደረጃ ቀረበ፤ አብረው የሚኖሩና አብረው የሚያበቁ ብዙ ኦብጀክቶችን በአንድ ክልል ውስጥ አስቀምጦ፣ ሥራው ሲያልቅ ፕሮግራመሩ ክልሉን በአንድ ትእዛዝ እንዲለቅ የሚያስችል ነው። ፍጥነትን ለሚሹ የሚመች ቢሆንም፣ አንድ ተግባር በአሬና እንዲጠቀም ከተፈለገ አሬናውን በእጅ ተቀብሎ ለሚጠራቸው ተግባራት ሁሉ ማስተላለፍ ስላለበት፣ ነገሩ ወደ መላው ቋንቋ ይሠራጭ ነበር፤ ሐሳቡ ላልተወሰነ ጊዜ ተይዞ ቀርቷል። ከዚያ ይልቅ ጉልበቱ የዋለው ግሪን ቲ የሚል ስም በተሰጠውና በ2025 ከእትም 1.25 ጋር ለሙከራ በወጣው ሰብሳቢ ላይ ነው። የቀድሞው ሰብሳቢ ጠቋሚ በተከተለ ቁጥር ከአንዱ የራም ጥግ ወደ ሌላው ስለሚዘል፣ ከፍተሻው ጊዜ ቢያንስ 35 በመቶ ያህሉ ፕሮሰሰሩ መረጃ እስኪመጣለት የሚቆምበት ነበር፤ አዲሱ ግን ኦብጀክቶችን አንድ በአንድ ከመከተል፣ ጎን ለጎን ያሉትን በ8 ኪሎባይት ገጽ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይፈትሻል፤ ቡድኑም ከሰብሳቢው ወጪ ከ10 እስከ 40 በመቶ ቅናሽ እንደሚጠብቅ ገልጿል። የዙሩ ዋጋ ሲረክስ በ460 ጣሪያ ሥር ያለው የ300 ሜጋባይት ፕሮግራም ይተነፍሳል፤ ከጣሪያው 20 ሜጋባይት ብቻ የቀረው ግን በቅናሹ ብዙ አያተርፍም፤ የሚያስፈልገው የሂፕ ፕሮፋይሉን ከፍቶ 440 ሜጋባይቱን ማን እንደያዘው የሚፈልግ ሰው ነው።